አሸንዳ ሲያፈስ፦ ችግሩና መፍትሄው

ከክረምት በፊት ቅጠል መጥረግን ሁሉም ያውቀዋል። ተጠርጎም ካፈሰሰ ግን ወደ ምልክቱ እንሂድ። የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ ስለሚበዙት የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶች ነው።

ውሃው በአሸንዳው የፊት ጠርዝ ከሞላ
ተዳፋቱ ጠፍቷል ወይም መውረጃው አንሷል። ክር ወጥረው በውሃ ልክ ይዩት። በ10 ሜትር ርዝመት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ያስፈልጋል። መያዣ ብረቶቹ ከረገቡ እነሱን ያስተካክሉ እንጂ አሸንዳውን አይቀይሩ።

ውሃው ከአሸንዳው ጀርባ ግድግዳውን ካራሰ
የጣሪያው ቆርቆሮ አጥሯል። ላሜራ አሳጥፈው ከቆርቆሮው ስር አስገብተው ወደ አሸንዳው ያስወርዱት። የጭቃ ቤት ከሆነ አንድ ሳምንትም አያቆዩት። ግድግዳው ከታች ተበልቶ ይወድቃል።

መገጣጠሚያው ከተንጠባጠበ
ላሜራው ተገልብጦ ተደርቧል። ውሃው ከሚመጣበት በኩል ያለው ላሜራ በሚሄድበት በኩል ባለው ውስጥ መግባት አለበት።

ኮርኒሱ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ቡናማ እድፍ ከታየ
በየክረምቱ የምጠራው ለዚህ ነው። ቤቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፓራፔት፣ ማለትም ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ያለ ግንብ፣ ያለው ነው፤ አሸንዳው ከግንቡ ጀርባ ተደብቋል። ከውጭ ያምራል። ችግሩ ግን የውጭው ግንብ ረጅም፣ በጣሪያው በኩል ያለው የአሸንዳ ጠርዝ ደግሞ አጭር መሆኑ ነው። መውረጃው ሲደፈን ውሃው ወደ ውጭ መሄጃ የለውም። ወደ ኮርኒሱ ይገባል።

ውሃው ደግሞ ቀላል አይደለም። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 3,000 ሊትር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ቱቦ ይውረድ ሲባል ያናድዳል።

አንድ ቤት ኮርኒሱን በየዓመቱ ይቀይሩ ነበር። ጣሪያው ላይ ስወጣ የመውረጃው አፍ ውስጥ የልጆች ኳስ ተቀርቅሯል። ሌላ ቤት የሲሚንቶ ከረጢት ከጎሚቶው (ከመውረጃው ቱቦ መታጠፊያ) ውስጥ ጎትቼ አውጥቻለሁ፤ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ጥለውት የሄዱት ነው። የባሰው ዲሽ የተተከለበት ቤት ነው። የዲሹን እግር አሸንዳው ወለል ላይ በስተው በብሎን አስረውታል! እባካችሁ፣ ዲሽ ስታስተክሉ ጣሪያው ላይ አብራችሁ ውጡ።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይህ ነው። እድፉ መብራት አጠገብ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። በረዶ የጣለ ዕለት አይውጡ፣ ቆርቆሮው ያንሸራትታል። ከዚያ የመውረጃውን አፍ ይክፈቱና ጉልላት ያለው የሽቦ ወንፊት ይክደኑበት። ጠፍጣፋ ወንፊት አይረባም፤ አንድ ፌስታል ይደፍነዋል። ቀጥሎ ፓራፔቱን ወደ ውጭ በስተው የማስተንፈሻ ቱቦ ያስገቡ፤ መውረጃው ሲደፈን ውሃው በዚያ ይወጣል። ቀዳዳው በጣሪያው በኩል ካለው የአሸንዳ ጠርዝ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ጥቅም የለውም። ይህን ቀዳዳ ያልሠራ ግንበኛ ሥራውን አልጨረሰም። አሸንዳው ረጅም ከሆነ ሁለተኛ መውረጃ ይጨምሩ።

በበጋም እድፉ ከረጠበ አሸንዳውን ይተዉት፤ ምናልባት የውሃ ታንከሩ እየሞላ እየፈሰሰ ነው።

ላሜራው ከዛገ
ሬንጅ አይቀቡ። ቀዳዳውን ይሸፍናል እንጂ ውሃው ከስሩ ገብቶ መብላቱን ይቀጥላል። እርጥብና ዝገት ያለበት ላሜራ ላይ ሲሊኮንም አይዝም። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ይቀይሩት። ሲገዙ የጌጅ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ላሜራው ይሳሳል። 32 ጌጅ ለአሸንዳ አይሆንም፣ ርካሽ ነው ብለው አይታለሉ። ባለ 28 ያስጠቅልሉ። መደራረቢያው 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መሃሉ ላይ ሲሊኮን ይግባ፣ ከዚያ በሪቬት ይታሰር። እርጥብ ሲሚንቶ ላሜራውን እንዳይነካ፣ ዚንኩን ይበላዋል።

ሠራተኛው ሂሳቡን ሳይቀበል ይፈትሹ። መውረጃውን በጨርቅ ደፍነው አሸንዳውን በውሃ ይሙሉት። ውሃው በማስተንፈሻው ወደ ግቢ መውጣት አለበት። ወደ ቤት ከገባ ሥራው አላለቀም። ጨርቁን አውጥተው ይውረዱ።