ኤዲኤችዲና የልጅነት ቁስል ሲደራረቡ ከሀፍረት እንዴት መውጣት ይቻላል?

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን የሚበትን፣ ችኩልና እረፍት የለሽ የሚያደርግ ከልጅነት የሚጀምር ችግር) ያለበት ልጅ ደብተሩን ይጥላል፤ ሲላክም የተላከበትን መንገድ ላይ ይረሳል። መልሱ ሁልጊዜ ኩርኩምና «ቀልበ ቢስ» የሚል ስድብ ከሆነ፣ ሰውነቱ ስህተትንና አደጋን አንድ አድርጎ ይለምዳል። ካደገ በኋላም ያልመለሰው መልእክት ትዝ ሲለው ፊቱ ይግላል፣ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። በዘገየ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል፣ ሀፍረቱም ይብሳል።

መጀመሪያ ሰውነትዎን ያረጋጉ። እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፤ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ 2 ደቂቃ ያህል። የቆየ ትዝታ ከገነፈለብዎ ቀሪውን ትተው የሚያምኑት ሰው ጋር ይደውሉ።

ቀጥሎ ድርጊቱን ከስድቡ ይለዩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ። የመጀመሪያው የሆነውን ብቻ ይይዛል፦ «እህቴ ፎርሙን ላክልኝ ካለች 3 ሳምንት ሆነ፤ አልላክሁም።» ሁለተኛው ውስጥዎ የሚጮኸውን ቃል በቃል፦ «አንተ ለምንም አትረባም።» ከጎኑ ይህን ቃል ልጅ ሳሉ ማን ይልዎት እንደነበር ይጻፉ፤ ብዙውን ጊዜ የወላጅ ወይም የአስተማሪ ድምፅ ሆኖ ይገኛል። ከሁለተኛው መስመር ጋር ግን አይከራከሩ፤ ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል፣ ፎርሙም ሳይላክ ያድራል። «እውነትም ሰነፍ ነኝ እኮ» የሚል ሐሳብ ከመጣ እሱንም እዚያው መስመር ላይ ያስፍሩት። የሚጠገነው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ጥገናው በዚያው ቀን፣ በአጭሩ ይሁን፦ «ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ። ሐሙስ ከሰዓት እልክልሻለሁ።» «እኔ እኮ የማልረባ ነኝ» ብለው አይጨምሩ፤ የተጉላላችው እህትዎ እርስዎን ማጽናናት ልትጀምር ነው። ከላኩ በኋላ ስልኩን ሳያስቀምጡ የሐሙሱን አላርም ይሙሉ። ለዚህ ነገር ከሚያምር አጀንዳ ይልቅ አላርም ይሻላል፤ አጀንዳ ራሱ መከፈቱ ይረሳል።

ሐኪም ጋር ሲሄዱ ኤዲኤችዲውንም የልጅነት ቁስሉንም ይንገሩ። የልጅነት ቁስልም ትኩረት ስለሚበትን አንዱ በሌላው ሊሸፈን ይችላል። አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው መድኃኒት ትኩረትን ያግዛል እንጂ የቆየ ሀፍረትን አያነሳም፤ ለሱ የንግግር ሕክምና ይጠይቁ። አንዳንድ ሰው መድኃኒቱን ሲጀምር ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ይህ ስሜት ድንጋጤ የሚቀሰቅስብዎ ከሆነ ለሐኪሙ ቀድመው ያስረዱ። የኤዲኤችዲ ምልክቶች 12 ዓመት ሳይሞላዎት መጀመራቸው ስለሚጠየቅ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ ካለ ይዘው ይሂዱ፤ አስተማሪው ስለ ጠባይዎ የጻፈው አስተያየት ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።