ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት በካርቶን ሞክሩት

ለትንሽ ሞተር ሳይክል ሰፊ ጎማ ገዝቶ፣ ከተገጠመ በኋላ ካቴናውን ሲፍቅ ማየት በጣም ያናድዳል። ቀድሞ ማወቂያው ቀላል ነው።

አሁን ያለው ጎማ 2.75-18 (ወርዱ 2.75 ኢንች፣ ቸርኬው 18 ኢንች) ቢሆን ወርዱም ከቸርኬው በላይ ያለው ቁመቱም 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 90/90-18 ደግሞ ወርዱ 90፣ ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ፣ ማለትም 81 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ በየጎኑ 10፣ ወደ ላይ 11 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ወፍራም ካርቶን ውስጡን በአሮጌው ጎማ፣ ውጩን በአዲሱ ልክ ቆርጣችሁ እንደ ኮርቻ ጎማው ላይ አልብሱትና በፕላስተር ያዙት። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ጣታችሁን ከካቴናው አርቁ። ካርቶኑ ካቴናውን፣ ጎማውን የያዘውን ሹካ ወይም ፓራፋንጎውን ከነካ አዲሱም ይነካል። ባይነካም ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ያብጣል። ካቴና ስትቀይሩ ጎማው ወደ ፊት ስለሚጠጋ፣ ያንንም ቦታ ሞክሩት።

ቸርኬው ጠባብ ከሆነ ግን ተዉት። ሰፊው ጎማ ተጨምቆ አናቱ ይሾላል፤ መንገድ የሚነካው ክፍልም ያንሳል። የጎማው አምራች የሚፈቅደውን የቸርኬ ስፋት አስቀድማችሁ እዩ።