መሪ ሲከብድ፣ የመሪ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት

የቆየ መኪናዎ መሪ፣ ለምሳሌ ጎንደር ፒያሳ ላይ ለማቆም ሲያዞሩት፣ ከከበደብዎ በመጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ነፋስ ያስለኩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ነፋሱ ልክ ከሆነ ሜዳ ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፍተው፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ ፊቱን በክሪክ አንሥተው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ካሳረፉ በኋላ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት። ትንሽ መጎተቱ የተለመደ ነው፤ ጎማው መሬት ሳይነካ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ግን ችግሩ መሪውን በዘይት ግፊት የሚያግዘው ፓምፕ ሳይሆን የመሪው ሳጥን ወይም መገጣጠሚያዎቹ ናቸው። በቀላሉ ከዞረ ወደ ፓምፑ ዘይትና ፓምፑን ወደሚያዞረው ቺንጊያ ይሂዱ፦ አረፋ የያዘ ዘይት አየር መግባቱን፣ መሪው ጫፍ ሲደርስ የሚያፏጭ ቺንጊያ ደግሞ መላላቱን ያሳያል። ይህ ምርመራ በኤሌክትሪክ ለሚታገዝ መሪ አይሠራም።