ፕለጊኑ ለእኔ አለ፣ ለእህቴ የለም

በአንድ የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) ላፕቶፕ ላይ እኔና እህቴ የየራሳችን አካውንት አለን። ሁለታችንም የምንጠቀመው ፋየርፎክስን ነው። የከፈልንበት የፊልም ድረ ገጽ በእኔ አካውንት ያለ ችግር ይሠራል፤ እሷ ስትገባ ግን ጥቁር መስኮት ብቻ ይመጣል። የፕለጊኖችን ዝርዝር ስንከፍት ዋይድቫይን (ከቅጂ የተጠበቁ ፊልሞችን የሚከፍት ፕለጊን) በሚለው ስም ሥር «በቅርቡ ይጫናል» የሚል ማሳሰቢያ አገኘን። ያ «በቅርቡ» ሳምንት አለፈው።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ፋየርፎክስን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ከንቱ ድካም ነው። ፕሮግራሙ የተጫነው ለሁለታችንም ስለሆነ ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ እኔም ፊልም አላይም ነበር። ዋይድቫይን ግን ከፕሮግራሙ ጋር አይመጣም፤ ፋየርፎክስ ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል (የተጠቃሚው ቅንብሮችና መረጃዎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ለብቻው ያወርደውና በተጠቃሚው ሆም ፎልደር (የግል ፋይሎቹ ባሉበት) ውስጥ ያስቀምጠዋል።

በመጀመሪያ በእህቴ ሴቲንግ ውስጥ በዲአርኤም (በቅጂ መከላከያ) የተጠበቀ ይዘትን የሚፈቅደው ሳጥን ምልክት እንዳለው አየሁ፤ አለው። ቀጥሎ የምንከፍተው አንድ ፋየርፎክስ መሆኑን አረጋገጥሁ። ይህን የምለው ከኡቡንቱ 22.04 ወዲህ ፋየርፎክስ በስናፕ (በኡቡንቱ አዲሱ የፕሮግራም ጥቅል ዓይነት) ስለሚመጣ ነው፤ ሌላ ቅጂ በዴብ (በቆየው የጥቅል ዓይነት) የጨመረ ሰው ሳያውቀው ሁለት ፋየርፎክስና ሁለት ፕሮፋይል ሊኖረው ይችላል። ከሄልፕ ምናሌ የችግር መፍቻ መረጃውን ከፍቶ የፕሮፋይሉን አድራሻ ማወዳደር ይበቃል።

እዚያው ገጽ ላይ ወደ ፕሮፋይሎች የሚወስድ መስመር አለ። በእህቴ አካውንት አዲስ ፕሮፋይል ፈጥሬ ሞከርሁ፤ ዋይድቫይን ወረደ፣ ፊልሙም ታየ። እንግዲያው ችግሩ ያለው በአሮጌው ፕሮፋይል ውስጥ ነው።

የአሮጌውን ፕሮፋይል ፎልደር ከፍቼ ጂኤምፒ-ዋይድቫይንሲዲኤም የሚባለውን ፎልደር ንብረቶች ስመለከት ባለቤቱ እህቴ ሳትሆን ሩት (root፣ የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያነበው አይችልም። ጥፋተኛው ወዲያው ትዝ አለኝ። የኢንተርኔት ፓኬጅ ለመቆጠብ ብዬ ይህንኑ ፎልደር ከእኔ ፕሮፋይል ወደ እሷ በሱዶ (sudo፣ በአስተዳዳሪ ፈቃድ በሚያሠራ ትእዛዝ) የገለበጥሁት እኔው ነኝ! ፋየርፎክስ ደግሞ የሚሠራው በእህቴ ፈቃድ ስለሆነ ፎልደሩን ማንበብም ሆነ በውስጡ መጻፍ አልቻለም።

መፍትሄው አጭር ነው። ፋየርፎክስን ዘጋሁ፤ በተርሚናል በሱዶ ቾውን (chown -R፣ የፎልደርንና የውስጡን ሁሉ ባለቤት የሚቀይር ትእዛዝ) የፎልደሩን ባለቤትነት ለእህቴ መለስሁ። ከዚያ ፎልደሩን አጥፍቼ ፋየርፎክስን ከፈትሁና ከፕለጊኖቹ ገጽ የጥርሳም ጎማ (⚙) ምልክቷን ተጭኜ ማሻሻያ እንዲፈልግ አዘዝሁት። ቾውን ሲጻፍ የፎልደሩን አድራሻ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ በሱዶ የተሳሳተ አድራሻ መጻፍ ፊልም ከማጣት የባሰ ነገር ያመጣል።

አዲሱም ፕሮፋይል እምቢ ቢል ኖሮ ምርመራዬን ከፕሮፋይሉ አውጥቼ ወደ ሆም ፎልደሩ እወስደው ነበር፦ ለአካውንቱ የተመደበው የዲስክ ቦታ ሞልቶ ይሆን? ሆም ያለበት ክፍልፍል ኖኤግዜክ (noexec፣ ፕሮግራም ማስኬድን የሚከለክል) በሚል አማራጭ ተያይዞ ይሆን? በሁለተኛው ሁኔታ ፕለጊኑ ቢወርድም ሊሠራ አይችልም።

የፕለጊን ፋይል በሞዚላ የፕለጊን ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ የሚሉ የቆዩ መመሪያዎች ካጋጠሟችሁ እለፏቸው። ፋየርፎክስ በ2017 ከፍላሽ በቀር ሌሎቹን የድሮ ፕለጊኖች መቀበል አቁሟል፤ በ2021 ደግሞ ፍላሽንም አስወጥቷል።