ደብል አፕ ሲለምዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓረብ አገር ሠርተው የሚመጡ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ስልክ ውስጥ ይህን መሰል ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አንድ ፈጣን ጀልባ፣ ከኋላው በገመድ የሚጎተት ሰው፣ እግሩ ላይ የታሰረ ሰሌዳ። ስፖርቱ ዌክቦርድ ይባላል። ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ጀልባው ዞሮ ይመጣና ራሱ የተወውን ሞገድ ያቋርጣል። ያኔ ተንሸራታቹ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ይወረወራል። ደብል አፕ የሚሉት ይህን ነው። በብዙ የጀልባ ውድድሮች ላይ ተወዳዳሪው መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ዕድልም ይኸው ነው።

ነገሩ ሲታይ አስማት ይመስላል። ግን ተራ ድምር ነው። ጀልባ ሲሄድ ከኋላው በግራና በቀኝ ሞገድ ይተዋል። ዞሮ ሲያቋርጠው አዲሱ ሞገድ አሮጌው ላይ ይወጣል። የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ሲገጥም ቁመታቸው ይደመራል። ጉድጓድ ከጉድጓድ ሲገጥም ደግሞ ጥልቀቱ ይደመራል። ስለዚህ ከረጅሙ ጫፍ አጠገብ ሁልጊዜ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ጀማሪ የሚያየው ጫፉን ብቻ ነው። ጉልበቱን የሚያስከፍለው ግን ጉድጓዱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው የተንሸራታቹን አቋም ያርማል፤ ነጂውን የሚያርም የለም። በእኔ እምነት ደብል አፕ ከግማሽ በላይ የነጂው ሥራ ነው። ለዚህ ነው ከታች ያሉትን ስህተቶች ለሁለቱም የጻፍኩት።

ዋና ሳይችሉ ላይፍ ጃኬት መተማመን

እኛ የደጋ ልጆች ነን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ዝቅ ብትልም ቦርከና ዋና የሚለመድበት ወንዝ አይደለም። ብዙዎቻችን ውኃን የምናውቀው በባልዲ ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው። እናም «ጃኬት አለ አይደል?» ብሎ ቦርድ ማሰር ይመጣል።

ጃኬት ያንሳፍፋል እንጂ አያረጋጋም። ከደብል አፕ የወደቀ ሰው ውኃውን የሚመታው በመኪና ፍጥነት ነው። ትንፋሹ ይጠፋል፣ ላይና ታቹ ይምታታበታል። ዋና የማይችል ሰው እዚያች ቅጽበት ላይ ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ አፉን ይከፍታል።

ጀልባው ሳይነሳ አንድ ፈተና አድርጉ። ጃኬቱን ልበሱ፣ ቦርዱን እሰሩ፣ ረጋ ያለ ውኃ ላይ በሆዳችሁ ተኙ። ከዚያ ማንም ሳይነካችሁ ወደ ጀርባችሁ ተገልበጡ። ቦርዱ እግራችሁን ይዞ እንቢ ይላል። ጉልበታችሁን ወደ ደረታችሁ ሰብስባችሁ በጎን በኩል መዞር ነው ያለባችሁ። ይህን ያለ ጭንቀት ደጋግማችሁ ካልቻላችሁ ለደብል አፕ ገና ናችሁ። ለውድድር ተብለው የሚሠሩት ስስ ጃኬቶች ያምራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ራሱን የሳተ ሰው ለማንሳፈፍ አልተሠሩም። ለመማር ወፍራሙን ልበሱ። ሄልሜትም አይቅር።

ነጠላውን ሳይዘሉ ድርቡን መሞከር

መለኪያው ቀላል ነው። ተራውን የጀልባ ሞገድ ከአንዱ ጎን ተነስታችሁ ሌላኛው ጎን ላይ ማረፍ ትችላላችሁ? አሥር ጊዜ ሞክራችሁ ስምንቱን ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ? ካልሆነ ደብል አፕ ያላችሁን ስህተት ከፍ አድርጎ ይወረውረዋል፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

ኩርባው ላይ ፍጥነት መጣል

አሁን ወደ ነጂው። ጀልባ ሲዞር ውኃው ይጎትተዋል፤ ፍጥነቱ በራሱ ይወርዳል። ልምድ የሌለው ነጂ ይህን ሲያይ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ደንግጦ ጋዙን ይገፋዋል። ዝም ሲል ገመዱ ይላላል። ሲገፋው ደግሞ ገመዱ ተወጥሮ ተንሸራታቹን ከፊት ይነጥቀዋል። ክንድና ትከሻ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ጥሩ ሾፌር ኩርባው ውስጥ ገብቶ መሪ አይነጥቅም። አስቀድሞ ፍጥነቱን ያስተካክላል፣ መሪውን አንዴ ይይዛል፣ ኩርባውን በአንድ እጥፋት ይጨርሳል። የጀልባ ነጂም ይህ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ውኃ ላይ ፍሬን የለም፤ ውኃው ራሱ ፍሬን ነው። ስለዚህ ወደ ኩርባው ሲገባ ጋዝ በጥቂቱ ይጨመራል፣ ጀልባው መቃናት ሲጀምር በጥቂቱ ይቀነሳል። ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ረሱት ማለት ጀልባው ልክ ሞገዱ ሲደርስ ይፈተለካል፣ ተንሸራታቹም ካሰበው በላይ ፈጥኖ ይገባል።

አዳዲሶቹ የመጎተቻ ጀልባዎች በጂፒኤስ ፍጥነት የሚይዝ መሣሪያ አላቸው። ያግዛል። መሪውን ግን አያዞርላችሁም።

የኩርባው ስፋትም አለ። በጣም ካጠበባችሁት ገመዱ ይረግባል። በጣም ካሰፋችሁት ደግሞ እስክትመለሱ አሮጌው ሞገድ ተበትኖ ይጠብቃችኋል። ልኩ በወረቀት አይነገርም፤ የእያንዳንዱ ጀልባ ክብደትና ርዝመት ይለያያል። መጀመሪያ ማንንም ሳትጎትቱ ባዶ ጀልባ ይዛችሁ ዙሩ። ሞገዱ የት እንደሚቆለል ዞር ብላችሁ እዩ። ነዳጅ ይበላል፣ አውቃለሁ። ጉልበት ከማሠራት ግን ይረክሳል።

ሳይቃኑ ማቋረጥ

ጀልባው አሮጌውን ሞገድ ሲያቋርጥ ቀጥ ብሎ መሆን አለበት። መሪው ገና ታጥፎ እያለ ካቋረጠ አንዱ ጎኑ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሌላው ይነሳል። የሚተወው ሞገድም በአንድ ወገን የሰላ፣ በሌላው የተዝረከረከ ይሆናል። አቅጣጫውም ለቀጥ ያለ ማዕዘን የቀረበ ይሁን። በጣም አጋድሎ ከገባ ሁለቱ ሞገዶች ጎን ለጎን ይሮጣሉ እንጂ አንዱ አንዱ ላይ አይወጣም።

ሰዎች ጀልባው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጡም እዩ። ሦስት ጓደኛሞች ቪዲዮ ለመቅረጽ አንድ ጎን ላይ ከተደረደሩ ሞገዱ ያዘነብላል። አንድ ሰው ይቅረጽ፤ ሌሎቹ ይበተኑ።

በየት በኩል እንደሚመጣ አለመጠየቅ

ተንሸራታቹ መሆን ያለበት ከኩርባው በውጭ በኩል ነው። እዚያ ገመዱ እንደተወጠረ ይቆያል። በውስጥ በኩል ከቀረ ገመዱ ይረግባል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ደብል አፑ ሲደርስ እሱ ቆሞ ነው። ግራ እግሩን የሚያስቀድምና ቀኝ እግሩን የሚያስቀድም ሰው የሚመቻቸው ጎን የተለያየ ነው። ስለዚህ ነጂው ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ። «ወንድሜ፣ በየት በኩል ነው የምትመጣው?» አለቀ። ይህች ጥያቄ ስላልተጠየቀች ብቻ ብዙ ሰው ደብል አፕ እንደማይችል ያስባል።

ቶሎ መቁረጥ

የተንሸራታቹ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሞገዱ ሲቆለል ያያል፣ ልቡ ይዘላል፣ ወዲያው ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ቦርዱን አጋድሎ ወደ ሞገዱ ይሮጣል ማለት ነው። ሲደርስ ጫፉ ገና አልመጣም። የሚቀበለው ጉድጓዱ ነው። የቦርዱ አፍንጫ ይተከላል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ፊቱ ቀድሞ ውኃ ይመታል።

እስቲ እናስላው። ጀማሪ ገመድ ወደ 20 ሜትር ይሁን። ጀልባው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሂድ፤ በሰከንድ 10 ሜትር ማለት ነው። ጀልባው አሁን የረገጠው ሞገድ እናንተ ጋ የሚደርሰው ከ2 ሰከንድ በኋላ ነው። ሁለት ሰከንድ ወሬ ላይ ምንም አይደለም። ቦርድ ላይ ግን ረጅም ነው፤ ለመቸኮል በቂ ጊዜ አለው።

መፍትሔው ሞገዱን ትቶ ጀልባውን ማየት ነው። ጀልባው አሮጌዎቹን ሞገዶች ሲሻገር አፍንጫው ሁለት ጊዜ ነጠር ይላል። የመጀመሪያውን አይታችሁ አትንቀሳቀሱ። ሁለተኛውን ስታዩ ቀስ ብላችሁ ማጋደል ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ! ከሩቅ ተነስቶ በሙሉ ኃይል መቁረጥ ለተራ ሞገድ እንኳ ይበዛል። ማጋደሉ በለሆሳስ ተጀምሮ እየጠነከረ ሄዶ በጣም የሚጠነክረው ሞገዱ ሥር ስትደርሱ ነው። በዚያ ላይ የሁለት ሰከንዱ ሒሳብ በፍጥነትና በገመድ ርዝመት ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ቀን ውስጥ አትቀያይሩ። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉት፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመጀመሪያው ሙከራ ይበቃል።

መዘግየትም ስህተት ነው። ግን ሞገዱ ያመልጣችኋል እንጂ አይሰብራችሁም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ዘግዩ።

እጀታውን ወደ ላይ መሳብ

አየር ላይ ሲወጡ እጅ በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል። የተፈጥሮ ነገር ነው። እጀታው ከፍ ሲል ግን ትከሻ ወደ ፊት ይሰበራል፣ ቦርዱ ከኋላ ይቀራል። እጀታውን ወገባችሁ አጠገብ አቆዩት። ሞገዱ ጫፍ ላይ ጉልበታችሁን አታጥፉ፤ ጸንታችሁ ቁሙ፣ ሞገዱ ራሱ ይሰዳችኋል። የሚታጠፈው ስታርፉ ነው።

ነገሩ እንደተበላሸ ካወቃችሁ እጀታውን ልቀቁት። ወዲያው። ገመድ ይዞ የሚወድቅ ሰው ጀግና አይባልም።

ሰው ሲወድቅ እየከነፉ መመለስ

ወደቀ። ነጂው መሪውን ጠምዝዞ በሙሉ ጋዝ ይመለሳል። ከአሳቢነት ነው፤ ግን ሦስት ጉዳት አለው። ውኃውን ያናውጠዋል፣ ለሚቀጥለው ሙከራም አይሆንም። የወደቀውን ሰው በሞገድ ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ራሱ ካነሳው ሞገድ ጀርባ ያለ ጭንቅላት አይታይም።

መጀመሪያ ጋዙን ወደ ሚኒሞ አውርዱ። ጀልባው ይረጋጋ። ከዚያ በቀስታ ዙሩ። ወደኋላ እያየ የሚቀመጥ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይኑር፤ ነጂው ወደ ፊት ነው ማየት ያለበት። የወደቀው ሰው ደህና ከሆነ እጁን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ካላሳየ እንደተጎዳ ቁጠሩት። አጠገቡ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉ። ዜሮ ማርሽ አይበቃም፤ ፕሮፔለር ቀልድ አያውቅም። ሞተሩ እየሠራ ጀልባው ጭራ ላይ ተቀምጦ መጫወትም ይቅር፤ የሞተሩ ጭስ የሚከማቸው እዚያ ነው።

ሐይቅ ላይ እንደ ባሕር ማሰብ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ስሙም «ሐይቅ» የሆነውን ሐይቅ ስታዩ ሐሳቡ መምጣቱ አይቀርም። ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ነው። ግን ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል። እዚህ ሲደርስ ከኃይሉ አምስተኛው እጅ የለም ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ሰው ከነጓደኞቹ የሚጎትት ጀልባ እዚህ ሰውየውን ከውኃ ለማውጣት ያቃስታል። ኩርባው ላይ የሚጨመረውም ጋዝ አይኖረውም። ሰው መቀነስ ወይም ለከፍታ የሚሆን ፕሮፔለር መቀየር ግድ ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን አካባቢ ደግሞ ጨርሶ ተዉት። ገዳሙ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጸሎት ቦታ ነው። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ እኔ እዚያ ሞተር አላስነሳም። ከዳርቻም ራቁ። ደብል አፕ የሚሠራው ሞገድ ዳር ሲደርስ አፈር ይንዳል፣ የአሣ አጥማጆችንም ጀልባ ያንገላታል።

መረብ ሌላው ነገር ነው። ተንሳፋፊው ብዙ ጊዜ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ከሚሮጥ ጀልባ ላይ ቆሻሻ ይመስላል። ፕሮፔለር ከያዘው አሣ አጥማጁም እናንተም ተጎድታችሁ ነው የምትለያዩት። ዳር ላይ ቆሮሶ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ማን የት እንደጣለ ያውቃሉ። መረቡ በጠዋት ከተነሳ በኋላ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ያለው ሰዓት ይሻላል።