ሽሽ የማይል የሸክላ ቅድመ ማጉያ አሠራር

ኤምኤም ካርትሪጅ (መርፌው የሚያንቀሳቅሰው ማግኔት ያለው የሸክላ ማንበቢያ) የሚያወጣው 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። ቅድመ ማጉያው ይህን መቶ እጥፍ ያህል ከማሳደጉ በላይ አርአይኤኤ በሚባለው የሸክላ ቀረጻ ደንብ መሠረት ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅ መመለስ፣ የተጋነነውን ቀጭን ድምፅ ማብረድ አለበት።

የሚያጎላውን ቺፕ (ኦፕ አምፕ) ስትመርጡ የቮልቴጅ ኖይዙን፣ ማለትም ቺፑ ራሱ የሚፈጥረውን የቮልቴጅ ረብሻ፣ ብቻ አትዩ። የካርትሪጁ ኮይል 500 ሚሊ ሄንሪ ያህል ስለሚሆን በ10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ኢምፒዳንሱ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለው ተቃውሞ) 31 ኪሎ ኦም ይደርሳል፤ የቺፑ የከረንት ኖይዝ በዚህ እየተባዛ ነው ሽሽታ የሚሆነው። ኤዲ797 በቮልቴጅ ኖይዝ እጅግ ዝቅተኛ ቢሆንም የከረንት ኖይዙ በሩት ኸርዝ 2 ፒኮ አምፒር ነው። ርካሹ ኤንኢ5532 ደግሞ 0.7 ብቻ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ እሱ ይሻላል፤ የምንሠራውም በእሱ ነው።

የግራው ቻናል እንዲህ ይያያዛል። የመግቢያው ሽቦ እግር 3 ላይ ይግባ፤ ከዚያው እግር ወደ ግራውንድ 47 ኪሎ ኦም አድርጉ። 82 እና 5.6 ኪሎ ኦም በተከታታይ ያዙና 33 እና 3.3 ናኖ ፋራድ በትይዩ አልብሷቸው። ከዚህ በተከታታይ 7.5 ኪሎ ኦም ከ10 ናኖ ፋራድ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀጥል። ጠቅላላው ከእግር 1 ወደ እግር 2 ይመለሳል። ከእግር 2 ወደ ግራውንድ 100 ኦምና 470 ማይክሮ ፋራድ በተከታታይ ይግቡ። 100 ኦሙን በ1 ኪሎ ኦም ብትተኩት ማጉላቱ ይወድቃል፣ የሬዚስተሩ የራሱ ኖይዝም ይጨምራል። 470 ማይክሮ ፋራዱን ከዘለላችሁት ደግሞ ዲሲው 950 ጊዜ ያህል ይጎላና ውጤቱ ወደ አንዱ ፓወር መስመር ይጠጋል። መውጫው ላይ 10 ማይክሮ ፋራድ፣ ቀጥሎ 100 ኦም። የቀኙ ቻናል በእግር 3፣ 2 እና 1 ፈንታ በእግር 5፣ 6 እና 7 ያንኑ ይደግማል።

ሬዚስተሮቹ ባለ 1 ፐርሰንት ሜታል ፊልም፣ የናኖ ፋራዶቹ ካፓሲተሮች ፖሊፕሮፒሊን ይሁኑ። ኤክስ7አር የሚባለውን የሴራሚክ ካፓሲተር አትጠቀሙ፤ በእስክሪብቶ ስትነኩት ድምፁ በስፒከር ይሰማል።

ፓወሩ ±15 ቮልት ነው፤ ቮልቴጁን የሚያረጉት ሬጉሌተሮች 7815 (ለ+15) እና 7915 (ለ−15) ናቸው። የእግሮቻቸው ቅደም ተከተል አይመሳሰልም፦ 7815 መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ሲሆን 7915 ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ ነው። ቺፕ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቺፑን ሶኬቱ ላይ ሳትሰኩ እግር 8 ላይ +15፣ እግር 4 ላይ −15 መኖሩን ለኩ። በሁለቱ እግሮች መካከል 100 ናኖ ፋራድ ከቺፑ ሥር ይበየድ። ትራንስፎርመሩ ሌላ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

ለመፈተሽ 10 ኪሎ ኦምና 100 ኦም በተከታታይ አያይዛችሁ፣ ከ100 ኦሙ ላይ በመውሰድ የ500 ሚሊ ቮልት ሲግናልን ወደ 5 ሚሊ ቮልት ገደማ አውርዱ። መውጫው በ100 ኸርዝ 2.2 ቮልት፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ 0.49 ቮልት፣ በ10 ኪሎ ኸርዝ 0.1 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። ርካሽ መልቲሜትር 10 ኪሎ ኸርዝን በትክክል ስለማያነብ በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

እምም የሚለው ድምፅ ካርትሪጁን ስታንቀሳቅሱ ከተለዋወጠ መግነጢሳዊ ነው፤ ትራንስፎርመሩን አርቁት። የማይለዋወጥና የሚዝዝ ከሆነ ግራውንዱን ፈትሹ፦ የመግቢያ ሶኬቶቹ ከብረት ሳጥኑ ተነጥለው፣ ግራውንዶቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ተገናኝተው፣ የማጫወቻው ግራውንድ ሽቦ ከሳጥኑ ጋር መያያዝ አለበት። ራዲዮ ከሰማችሁ ከእግር 3 ወደ ግራውንድ 100 ፒኮ ፋራድ ጨምሩ፤ ግን ከኬብሉ ጋር ተደምሮ የካርትሪጁ አምራች ከፈቀደው እንዳያልፍ።