ከጨርቁ ስር ክር ሲተበተብ ጥፋቱ ከላይ ነው፦ የቤት ስፌት መኪና ችግርና መፍትሄ

ለጥገና ቤቴ ከሚመጡት የስፌት መኪኖች አብዛኞቹ አልተበላሹም። ባለቤቶቻቸው ግን ተማረው ነው የሚመጡት። ገና ደጅ ላይ ሆነው "ክር ይበላል" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ካቻቢቴ እንኳን ሳላነሳ አስተካክዬ እመልስላቸዋለሁ። ይህንን የምጽፈው እናንተው ቤታችሁ ሆናችሁ እንድትሠሩት ነው። ቦቢን መሙላትና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ከጨርቁ ስር ክር ይተበተባል

ይህን ችግር ከሌሎቹ ሁሉ ተደምረው አብልጬ አይቼዋለሁ። ከላይ ሲያዩት ስፌቱ ደህና ይመስላል። ጨርቁን ሲገለብጡት ግን ክሩ ያልተበጠረ ጸጉር መስሎ ተከምሯል። መኪናው ጓ ጓ ይልና ቀጥ ይላል። ጨርቁም አልላቀቅ ይላል።

ሰው ሁሉ ጥፋቱን ቦቢኑ ላይ ይጥላል። ክሩ የተከመረው ከስር ነዋ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እስቲ ከላይ ቀይ ክር፣ ቦቢኑ ላይ ነጭ ክር አድርጉና ጥቂት ስፉ። ጨርቁን ገልብጡት። ከስር የተከመረው ቀዩ ነው። የላይኛው ክር የሚይዘው አጥቶ ወደ ታች እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ለምን ይፈሳል? መርፌው ክሩን ይዞ ሲወርድ ከስር ያለው መንጠቆ ይቀበለውና በቦቢኑ ዙሪያ ያዞረዋል። ከዚያ ከፊት ለፊት ወደ ላይ ወደ ታች የሚለው ክንድ ትርፉን ክር መልሶ ወደ ላይ ይስበዋል። ስፌቱ የሚጠብቀው ያኔ ነው። ክንዱ ከስር መሳብ የሚችለው ግን ክሩ ከላይ ከተያዘ ብቻ ነው። የሚይዙት እንደ ሁለት ሳንቲም የተጣበቁ ክብ ብረቶች ናቸው፤ የክር ማጥበቂያው ቁጥር የሚያጠብቀው እነሱን ነው። ክሩ በመካከላቸው ካልገባ ክንዱ ሲስብ አዲስ ክር ከጥቅሉ ይመጣል። የታችኛው ትርፍ እዚያው ይቀራል። ስፌት በጨመራችሁ ቁጥር ክምሩ ያድጋል።

ክሩ በእነዚያ ብረቶች መካከል የማይገባው ደግሞ ጨርቅ መጫኛው እግር ወርዶ እያለ ክር ስለሚገባ ነው። እግሩ ሲወርድ ብረቶቹ ይጣበቃሉ። እግሩ ሲነሳ ይከፈታሉ። እግሩን ሳታነሱ ክር ካስገባችሁ ክሩ በብረቶቹ አናት ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። ዓይን ያታልላል፤ በሁሉም ቦታ ያለፈ ይመስላል።

መፍትሄው ይኸው። ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጡት። "ትንሽ ላስተካክለው" አይሠራም፣ ከጥቅሉ ጀምሩ። ከኋላ ባለው ማንሻ እግሩን አንሱ። መዘውሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩና ክንዱን ጫፍ ላይ አድርሱት። ቀኝ እጃችሁ ጥቅሉ አጠገብ ክሩን ያዝ ያድርግ፣ ግራ እጃችሁ ደግሞ በመስመሩ ይውሰደው። እንዲህ ከተወጠረ በብረቶቹ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ክንዱ ውሰዱት፤ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ክንዱ ከተዘለለ መተብተቡ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስፌቶች ይመጣል።

አሁን ደግሞ ፈትኑት። ይህን ፈተና ቤቴ የመጣ ሁሉ ሳይማረው አይሄድም። እግሩ እንደተነሳ በመርፌው ያለፈውን ክር ሳቡት። እንደ ልብ ይመጣል። እግሩን አውርዱና እንደገና ሳቡት። አሁን እምቢ ማለት አለበት፤ መርፌው ራሱ ጎበጥ እስኪል ይይዛል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከሌለ ክሩ አልገባም። እንደገና አስገቡት።

ባለፈው ለፋሲካ ዋዜማ አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጣች። የእናቷን ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ክሩ ሲተበተብባት ቪዲዮ አይታ የቦቢን ቤቱ ላይ ያለችውን ሚጢጢ ብሎን ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ በመጨረሻ ብሎኗ ወልቃ ምንጣፍ ውስጥ ገባች። እኔ ክሩን አውጥቼ፣ እግሩን አንስቼ መልሼ አስገባሁት። ጥፋቱ ያ ብቻ ነበር። ብሎኗን ግን ማን ያግኛት! ከራሴ መኪና የቦቢን ቤት አውጥቼ ሰጠኋት። ቀሚሱ ሌሊቱን አለቀ።

ሌላዋ አንድ ጠጋኝ ጋ ሄዳ "ውስጡ ተበልቷል፣ መንጠቆው ይቀየራል" ተብላለች። ብር ከፍላለች። መንጠቆው ተቀይሮም ይተበተባል። ክር ስታስገባ አጠገቧ ቆሜ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። እግሩ ወርዷል። ያ ጠጋኝ ሰው እንዴት ክር እንደሚያስገባ ሳያይ ዕቃ መቀየሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የጎረቤቴ እማማ ግን ጥፋት አልነበረባቸውም። ሠላሳ ዓመት የሰፉ ሴት ናቸው። "ልጄ፣ ይቺ መኪና እርጅና ተጫናት መሰለኝ" አሉኝ። በብረቶቹ መካከል ጫፉ የታጠፈ ስስ ጨርቅ አስገብቼ ወዲያ ወዲህ ሳብኩት። የጥፍር ያህል የደረቀ የክር ብናኝ ወጣ። ብረቶቹ በሱ ምክንያት አልገጥም ብለው ኖሯል። እባካችሁ እዚያ ውስጥ ካቻቢቴ ወይም መርፌ አትክተቱ። ብረቱ አንዴ ከተጫረ ክሩን ለዘለዓለም ይቆርጠዋል።

የተተበተበውን ክር ስታወጡ ጨርቁን አትጎትቱ። መርፌው የሚጣመመው፣ የቦቢን ቤቱም የሚጫረው ያኔ ነው። መኪናውን ከሶኬት ንቀሉ። እግሩን አንሱ፣ መርፌውን በመዘውሩ ወደ ላይ አውጡ። ጨርቁን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ከስሩ ያለውን ክር በትንሽ መቀስ ቁረጡ። ቦቢኑን አውጡ። የቀረውን በወረንጦ ልቀሙ። አንዲት ቁራጭ ከቀረች ነገ ደግሞ ትመጣባችኋለች።

ስፌት ስትጀምሩ ሁለቱንም የክር ጫፎች፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከእግሩ ኋላ ያዙ። ለሁለት ለሦስት ስፌት ብቻ ነው። ፈትልና ሽፎን ላይ ይህ የግድ ነው። ስስ ጨርቅ ከጫፉ ከጀመራችሁት መርፌው ገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ይከተዋል። ከጫፉ ትንሽ ገባ ብላችሁ ጀምሩ፣ ወይም ከስሩ ስስ ወረቀት አንጥፉ። ወረቀቱ ኋላ ተቀዶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከተተበተበ አሁን ወደ ቦቢኑ ሂዱ። ከላይ የሚገባ ከሆነ ክሩ ሲሳብ ቦቢኑ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ መዞር አለበት። ክሩ የቦቢን ቤቱ ሞላ ስር ሲገባ ጠቅ የሚል ነገር በእጃችሁ ይሰማችኋል። ከፊት የሚገባ የብረት የቦቢን ቤት ካላችሁ ደግሞ ቦቢኑን አስገቡና በክሩ አንጠልጥሉት። በራሱ ቁልቁል ከሄደ ላልቷል። እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉ ጥቂት ወርዶ ከቆመ ልክ ነው። ብሎኗን መንካት ካለባችሁ መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሷት። ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ። ነጭ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ብትወድቅ ትታያለች።

ቦቢን ስትገዙም ተጠንቀቁ። በዓይን አንድ የሚመስሉ፣ በቁመት የሚለያዩ አሉ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አቁማችሁ አስተያዩ። ዳሩ ሻካራ የሆነ የላስቲክ ቦቢን በነጻም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ስፌት ይዘላል

መርፌ ቀይሩ። ሌላ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ መርፌ ቀይሩ። መርፌ ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ ጫፉ ይዶለዱማል። አንድ መርፌ እስኪሰበር ድረስ የሚሰፉ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ መኪናውን ይረግማሉ።

መርፌው ለቤት መኪና የሚሆን መሆኑንም እዩ። ማሸጊያው ላይ 130/705 ኤች ይላል። የመርፌው ራስ፣ ማለትም መኪናው ውስጥ የሚገባው የላይኛው ጫፍ፣ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው። መርካቶ በብዛት የሚሸጠው የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን ራሱ ድቡልቡል ነው። ሻጩ "አንድ ነው" ቢላችሁ አትስሙት። ቢገባ እንኳን ቁመቱም አቅጣጫውም ስለሚለያይ መንጠቆው ክሩን አያገኘውም። በዛሬዎቹ የቤት መኪኖች ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ይዞራል። በድሮዎቹ ላይ ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። ግራ ከገባችሁ በመርፌው ቁመት የሚወርደውን ረጅም ቦይ ፈልጉ። ቦዩ ክሩ ወደሚገባበት በኩል ያያል። መርፌውን እስከ ላይ ገፍታችሁ ነው ብሎኑን የምታጠብቁት።

ውፍረቱንም ከጨርቁ አስማሙ። ለሽፎንና ለስስ ፈትል 70፣ ለተራ ጨርቅ 80፣ ወፈር ላለ 90፣ ለጂንስ 100። ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት ነው፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር። የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ከዘለለ ለሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ መርፌ ግዙ፤ ተራው ያንን ጨርቅ በደንብ አይሰፋም።

ርካሽ መርፌ በመግዛት አትቆጥቡ። ስም ያለው ማሸጊያ ውስጥ ተከተው ከሚሸጡት መካከል እንኳን ገና ሳይሰፉ የጎበጡ አጋጥመውኛል። መስታወት ላይ አንከባሉት። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ጎብጧል። ጫፉን በአሮጌ ስቶኪንግ ላይ ጎተት አድርጉት። ከያዘ ጣሉት።

መርፌ ይሰበራል

ጨርቁን እየጎተታችሁ ነው። ጨርቁን የሚወስደው ከስር ያለው ጥርስ ነው፤ የእናንተ እጅ መስመር ማስያዝ ብቻ ነው። ስትጎትቱት መርፌው ይጎብጥና ብረቱን ይመታል። ጂንስ ላይ መጋጠሚያው ሲወፍር ፔዳሉን ልቀቁና በእጅ መዘውሩን አዙሩ። እግሩ ወደ ላይ ካዘነበለ የታጠፈ ካርቶን ከኋላው ሸጉጡለት፣ ቀጥ ይልላችኋል። የዚፕ ጥርስ ላይ በፔዳል የሚሄድ ሰው ዓይኑን ይጠብቅ። የተሰበረውን ቁራጭ ሁሉ ሳታገኙ አትቀጥሉ።

የላይኛው ክር ይበጠሳል

አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ራሱ ነው። ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። ጸጉራም፣ አንዴ ወፍሮ አንዴ የሚሳሳ ከሆነ ለመኪና አይሆንም፤ ለእጅ ስፌት አስቀምጡት። መስኮት አጠገብ ፀሐይ የመታው ክርም እንዲሁ ነው። የክር ጥቅሉ ጫፍ ላይ ያለችው ስንጥቅ ክሩን እየያዘችው እንደሆነም እዩ፤ ስንጥቋን ወደ ሌላ በኩል አዙሩት። ማጥበቂያው ከ4 በጣም ከፍ ብሎ ከሆነ መልሱት። የቦቢኑ ክር ከላይ ብቅ ብቅ ሲል የላይኛው ጠብቋል ማለት ነው።

ጨርቁ አይሄድም

የስፌት ርዝመቱ ዜሮ ላይ ነው ወይም ጥርሱን የሚያወርደው ማብሪያ ተነክቷል። ካልሆነ ከጥርሱ ስር ብናኝ ታጭቋል። ጥርሱ ብቅ የሚልበትን ጠፍጣፋ ብረት ፈታችሁ በብሩሽ ጥረጉ። በአፋችሁ አትንፉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይገፋል።

መኪናው ከብዷል፣ ይጮሃል

የምግብ ዘይት ቀብታችሁታል? እባካችሁ! የኑግም ይሁን የፓልም፣ የምግብ ዘይት ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። አንድ መኪና መዘውሩ በሁለት እጅ እንኳን አልዞር ብሎ መጥቷል። ከሶኬት ነቅዬ፣ ብረት ብረቱን በነጭ ጋዝ በነከርኩት ጨርቅ እያሸሁ፣ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ነጭ ጋዝ ከእሳትና ከከሰል ምድጃ ሩቅ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው። ከዚያ እንደ ውኃ የጠራ የስፌት መኪና ዘይት፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ሁሉ አንድ አንድ ጠብታ። ጨርቅ ከመስፋታችሁ በፊት ቁራጭ ላይ ሞክሩት። የአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች መመሪያ "ዘይት አያስፈልግም" ይላል፤ ካለ አትጨምሩ።

ሞተሩ ይዞራል፣ መርፌው አይንቀሳቀስም

የቦቢን መሙያው ወደ ጎን እንደተገፋ ነው። መልሱት። በድሮው ደግሞ መዘውሩ መሐል ያለውን ክብ ብሎን አጥብቁ።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና

ዘመድ በሻንጣ ይዞ የመጣውን ሶኬት ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ እዚህ አገር በቀጥታ አይሰካም፤ የእኛ 220 ነው። የሶኬት መለወጫ ቅርጹን እንጂ ኃይሉን አይለውጥም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ቅርጹን ብቻ ነው የሚለውጠው። አንዲት ሴት ልጇ የላከላትን መኪና ከነፌስታሉ አምጥታልኝ ነበር። አንዴ ብቻ ሰክታዋለች። እንደ ንብ አለ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ በቃ። ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። ዋቱ መኪናው ላይ ከተጻፈው እጥፍ ይሁን። ከአረብ አገር የሚመጡትንም ጽሑፉን አይታችሁ ስኩ፤ 220 ወይም 240 የሚሉት ችግር የለባቸውም።

የቀረው ለጠጋኝ ነው

አዲስና ትክክለኛ መርፌ ገብቶ፣ ክሩም በደንብ ገብቶ ሁሉንም ስፌት ከዘለለ መንጠቆውና መርፌው ተላልፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው መርፌ በኃይል ከተሰበረ በኋላ ነው። ይህን ራሳችሁ አትፍቱት፤ ልዩነቱ በሚሊ ሜትር ክፋይ ነው። ወደ ጠጋኝ ስትሄዱ የምትሰፉበትን ክር፣ መርፌና ቦቢን፣ የተበላሸውን ስፌትም ከነጨርቁ ሳትፈቱት ያዙ። እዚያም ፊቱ ተቀምጣችሁ ክር ራሳችሁ አስገቡ።